ከፍ ያለው ቁጥር

ስምሪት ይሉታል፤ የአውቶቡስ ጣቢያ ሠራተኛ ነው፣ ሾፌር ሲያሰማራ ይውላል። ለእሱ ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ ደግ ነገር ነው፤ የተሳፋሪው ቁጥር ከፍ ሲል፣ ገቢው ከፍ ሲል፣ የልጁ የፈተና ውጤት ከፍ ሲል። ስለዚህ ሐኪሟ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቅ ብላ "የደም ምርመራው ደርሷል፤ ቁጥሩ ከትናንቱ ከፍ ብሏል" ስትለው፣ የቀረውን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። "ተመስገን!" አለ። እሷም ነርሷ ስለጠራቻት ሳትጨርስለት ተመልሳ ገባች።

ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ለእናቱ ደወለ፣ ለአማቱ ደወለ፣ ለጣቢያው ደወለ። "ቁንጫዬ ተሻላት! ቁጥሯ ከፍ አለ!" ቁንጫ ልጁ ናት፤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላለች ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። የሳንባ ምች ጀምሯት ሕመሙ ወደ ደሟ ገብቶ፣ አሁን የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ሚስቱ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ምንም አላለችም። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪሟ ተመልሳ ስትወጣ ስምሪት ገና ይስቃል።

"ይቅርታ፣ ቅድም አልጨረስኩልዎትም" አለችው። "ነጭ የደም ሴል ዓይነቱ ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን እናነጻጽራለን። አንዱ በዝቶ ሌላው ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሰውነት ተጨንቋል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይጸናባቸዋል።"

"ከፍ ማለቱ... መጥፎ ነው?"

"ጥሩ አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ልጆች ነው። የእርስዎን ልጅ ቁርጥ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። መድኃኒቷን ቀይረናል፣ ነገ ጠዋት ደግመን እናያለን።"

እንዲህም ያለ ቂል አለ? ዘመድ አዝማዱን በገዛ አፉ እልል አሰኝቶ! ከሁሉ የከበደው ግን የሚስቱ ነገር ነው፤ በምን ዓይኑ ይያት? ዞር ሲል ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች።

"ተሳስቼ ነው..." አላት።

"አውቃለሁ። ደስ ያላት ሐኪም እንደዚያ አትናገርም።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ቁንጫ ከታመመች ወዲህ ሳቅህን ሰምቼው አላውቅም። ትንሽ ይሳቅ ብዬ ተውኩህ።"

ስምሪት ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ኋላ ግን እንባዋን ጠርጋ እጇን ዘረጋች።

"በል ስልኩን ወዲህ በለው። አንተ ደግመህ ሌላ ታበላሻለህ።"

ለሁሉም እየደወለች "ገና ነው፤ በጸሎት አስቧት" አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ስትመጣ ሁለቱም ብድግ አሉ።

"ወርዷል" አለች።

ስምሪት ከእንግዲህ በአንድ ቃል የሚሸወድ ሰው አይደለም። "ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ መውረዱ ደግ ነው ክፉ?"

"ደግ ነው" አለች፤ ሳቋ አመለጣት። "ትኩሳቷም በርዷል። ግን አሁንም እንጠብቅ።"

ጠበቁ። ቱቦው ከጉሮሮዋ በወጣ ጊዜ ቁንጫ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጫማዋን ጠየቀች። ወደ ተራው ክፍል በተዛወረች ማግስት ሐኪሟ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች።

"አንድ ነገር ላስፈቅዳችሁ። ይሄ ቁጥር ወደፊት ለሚመጡ ልጆች ምን ያህል እንደሚጠቅም እያጠናን ነው። የቁንጫን ውጤት ከሌሎቹ ልጆች ጋር ልመዝግበው?"

ስምሪት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ከየትኞቹ ጋር?"

"ከዳኑት።"

 ሚስቱ ቀደመችው።

"ይመዝግቡት እንጂ ዶክተር! ምን ይጠብቃሉ?"