ያበደው ራውተርና የእናቷ ስንብት

ራውተር የሚታመምበትን ቀን ያውቃል! ዓመቱን ሙሉ ፀጥ ብሎ ሠርቶ፣ የሬዲዮ ጣቢያው አንጋፋ ጋዜጠኛ ጡረታ በምትወጣበት ቀን፣ የስንብት ፕሮግራሟ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው እጥፍ ብሎ ወደቀ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ተነሳ። ከስቱዲዮ ድምፅ ተቀብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማሠራጫ የሚልከው እሱ ግን ለመነሳት ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይሞክራል።

የጣቢያው ቴክኒሻን የጋዜጠኛዋ ልጅ ናት። ላፕቶፗን በገመድ አገናኝታ ስክሪኑን ስታይ ክው አለች። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ስርዓተ ክወና መብራቱ ሲሄድ ተበላሽቷል።

«አይሆንም» አለ የጣቢያው ኃላፊ። ሁሉን ነገር በዚህ ቃል ስለሚጀምር ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ አይሆንም» ይለዋል። «ማሠራጫው ላይ የተቀዳ ሙዚቃ አለ፣ እሱ ይለቀቅ። ነገማ በእሳቸው ሰዓት አዲስ ፕሮግራም ይገባል።»

«እማዬስ?»

«እናትሽማ ዕድሜ ልካቸውን ተናግረዋል። ዛሬ ቢቀርባቸው ምን ይሆናሉ?»

የልጅቷ ደም ፈላ። የሰው ደስታና ሐዘን ስታነብ ያረጀች ሴት አድማጮቿን ደህና ሁኑ ሳትል ትውጣ? ስለ ራሷ ቤት እንኳ አንድ ቃል ማይክራፎን ላይ ተናግራ አታውቅም፤ «አየሩ የአድማጭ ነው» ትላለች። የምታማርረው ቤቷ ገብታ ነው። «ድምፅሽ እንዲህ አምሮ ከሽቦ ጋር ትቀመጪ?» ስትላት ኖራለች። እንግዲህ ያ ሽቦ ዛሬ ካልጠቀማት መቼ ሊጠቅማት ነው?

«ይሆናል!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

የስርዓተ ክወናው ጤነኛ ቅጂ ላፕቶፗ ላይ አለ። ችግሩ መንገዱ ነው። መሣሪያው ስላልነቃ ቅጂው የሚገባው በዚያች ቀጭን የጥገና ገመድ ብቻ ነው፣ እሱም እየተንፏቀቀ። የገመዱን ፍጥነት በላፕቶፑም በራውተሩም በኩል እስከቻለው ድረስ ከፍ አድርጋ ላከችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዛሬው እንቁላል ግን እግር የሚያወጣ አይመስልም። እናቷ ስክሪፕቷን ይዛ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይዘገያል እንዴ?»

«ፍጥነት ጨምሬለታለሁ፣ እማዬ። ከዚህ በላይ አይሮጥም።»

በስንት ጭንቅ ቅጂው ገብቶ አለቀና ራውተሩ መነሳት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ግን ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የተሰባበረ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ አራት ማዕዘን፣ ዝብርቅርቅ!

«አበደ! ጭራሽ አበደብኝ!» ብላ ጮኸች። «ነቅዬ እንደ አዲስ ልጀምር።»

ቅጂው ገና በቋሚነት ስላልተቀመጠ መብራቱን ከነቀለችው ሁሉም ይጠፋል፤ እንደገና ለመላክ ጊዜ የለም። እሱን ሳታስብ እጇን ወደ መብራት ገመዱ ሰደደች። እናቷ እጇን ለቀም አደረገችው።

«ቆይ እስቲ! እኛ በቴፕ ስንሠራ፣ ባልተቀዳበት ፍጥነት ያጫወትነው ሁሉ እንዲህ ይንጫጫ ነበር። ቴፑ ላይ የተቀዳው ሰው ደህና ተናግሯል፣ ጥፋቱ የአጫዋቹ ነው። አንቺ ቅድም ፍጥነት ጨምሬያለሁ አላልሽኝም?»

ልጅቷ ግንባሯን መታች። ወይኔ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ራውተሩ ነቅቶ ወደ ለመደው ዝግታ ተመልሷል፣ ላፕቶፑ ግን አሁንም እየሮጠ ነው የሚያዳምጠው። ፍጥነቱን ዝቅ አደረገች። ዝብርቅርቁ ቆመና ጥርት ያለ መስመር መጣ፣ ከሥሩ ሌላ ጥርት ያለ መስመር። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ተራ በተራ ቦግ ቦግ አሉ።

«ተነሳ! እማዬ፣ ተነሳልን!»

አቶ አይሆንም በሩን ገርበብ አድርጎ «ሆነ እንዴ?» አለ። እናትና ልጅ በአጠገቡ ሽው ብለው ወደ ስቱዲዮው ሮጡ።

ቀዩ መብራት በራ። ልጅቷ ከመስታወቱ ማዶ ማዳመጫዋን አድርጋ ቆመች። እናቷ ስክሪፕቷን በግንባሩ ደፋችው።

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ከመሰናበቴ በፊት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያልነገርኳችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ አለችኝ። ዛሬ ድምፄን እናንተ ዘንድ ያደረሰችው እሷ ናት። ከሽቦ ጋር ተቀመጠች ብዬ ሳማርር ኖሬያለሁ፤ ቃሌን እናንተው ፊት አንስቻለሁ።»

የልጅቷ ልብ ቅቤ ጠጣ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የእናቷን ድምፅ ከፍ አደረገችው።