ቃሉ እስኪመጣ

ያኔ የንግግር ሕክምና ክፍላችን ከመተላለፊያው ጫፍ ያለች፣ መስኮቷ በደንብ የማይዘጋ ጠባብ ክፍል ነበረች። አሁን ሰፊ ክፍል ሰጥተውናል፤ ወንበሩ ይሽከረከራል፣ ግድግዳው ያብለጨልጫል። እኔ ግን ያቺ ጠባቧ ትናፍቀኛለች። ምን ላድርግ፣ ወጣትነቴን እዚያው ጥዬው ነው መሰለኝ የወጣሁት።

ቆጣሪው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ተመራማሪ ነበር። በር ላይ ቆሞ "ጊዜ ልቆጥር ነው የመጣሁት" ሲለን የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ መስሎን ወደ ጓሮ ሰደድነው። ስሙም በዚያው ጸና። ዕቃው አንድ ኮምፒውተርና ማይክሮፎን ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ታካሚው ስሙን ይጠራል፣ ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱ ይቆማል። "ሰው ለመመለስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት ካወቅን ሕክምናውን እናሻሽላለን" ይላል። "እስከዛሬ እኛ በጭፍን ስናክም ኖረናል በለኛ!" ብዬ አኮረፍኩት።

ጋሼ የሚታከሙት በዚያው ሰሞን ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስትሮክ እጃቸውን ምሮ ንግግራቸውን ወሰደባቸው። የበኩር ልጃቸው ሱቃቸውን ሊሸጥ ገዢ አግኝቷል። "አባባን ጠየቅኩት፣ ምንም አላለም። ዝምታ መስማማት ነው" ይላል። ጉድ እኮ ነው! መናገር ያቃተውን ሰው! የሱቁ ነገር ሲነሳ የጋሼ ዓይን እንባ ያቀርራል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቃል ግን የለም። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ ጉድ አሰኘን። ሥዕሉ ብቅ ሲል መልሱ ከች! ቆጣሪው በደስታ ሊዘል ደረሰ። ኋላ ቅጂውን ስንሰማው "ማንኪያ"፣ "ጃንጥላ"፣ "ድመት" የሚለው ድምፅ የሴት ነው። ለካስ ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ከጀርባቸው ተቀምጠው በሹክሹክታ ሲመልሱላቸው ኖረዋል!

"ታዲያ ባሌ ሰው ፊት ይፈር እንዴ?" አሉ ቆጣ ብለው። ጋሼ ራሳቸው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። አይ ጊዜ! እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

በማግሥቱ እትዬን ውጭ አስቀምጠን ደገምነው። ሥዕሉ መጣ። ጋሼ ዝም። እንደ ልማዳችን የቃሉን መጀመሪያ ላቀብላቸው አፌን ስከፍት ቆጣሪው "ቆይ" ብሎ በእጁ አስቆመኝ። ጠበቅን። ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ጋሼ "ጃን... ጥላ" አሉ። ማንም ሳያቀብላቸው! አብዛኛውን ሥዕል እንዲሁ መለሱ፤ መልሱ የመጣው ግን ሁሌ እኛ ከምናቀብልበት ቅጽበት በኋላ ነው። ቃሉ መንገድ ላይ እያለ ነበር የምንነጥቃቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅን ሥራዬ ብለን ተማርን። ለወሬኛ ሰው ዝምታ ምጥ ነው፤ ለእትዬማ አይነሳ።

አንድ ጠዋት ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። ከሰዓት በኋላ ሽያጩን ሊፈራረም ነው። ደሜ ፈላ።

"ቁጭ በል" አልኩት። "አሁን እኛ ፊት ጠይቃቸው። ከዚያ እንዳትተነፍስ!"

"ምን ዋጋ አለው እህቴ፣ ደጋግሜ..."

"ጠይቅ አልኩህ!"

ወደ አባቱ ዞረ። "አባባ፣ ሱቁን እንሽጠው?"

እትዬ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጁ መልሶ ሊናገር ሲል ቆጣሪው እግሩን ረገጠው። ጋሼ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። እኔም ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

"አ... አለሁ" አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና "አለሁ እኮ... ልጄ" አሉት።

ልጁ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኋላ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ስልኩን አውጥቶ ለገዢው ደወለ።

"ይቅርታ፣ ሽያጩ ቀርቷል" አለው። "ባለቤቱ አለ።"