በሣጥኑ ራስጌ የተጻፈው ስም

ጓት ኒዮ ማንበብ አትችልም። ይህን ስም ግን ታውቀዋለች። ባሏን ከኦፒየም ማጨሻ ቤት ጎትታ ልታወጣ በሄደች ቁጥር በሩ ላይ የምታየው ስም ነው፦ ዮው ቦን ሂያም። አሁን ደግሞ ለባሏ በመጣው የሬሳ ሣጥን ራስጌ ላይ፣ የሟች ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በወርቅ ቀለም ተጽፏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የለጋሹ ስም ነዋ!» አለ ሣጥኑን ያመጣው አሽከር፣ አ ሶን። «ታውኬው፣ ጌታዬ ቦን ሂያም፣ ለድሃ በነፃ የሚሰጡት ሣጥን ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ባሌ በሰው ስም ተቀብሮ፣ ምግብ ሳቀርብለት መንፈሱ እንዴት አድርጎ ይመጣል? እዚያም ሄዶ የሳቸው ኩሊ ሊሆን ነው?»

«ጽሑፉን ከነካሽ ሣጥኑን እመልሳለሁ። በሰሌን ጠቅልለሽ ቅበሪው፤ ማን ከለከለሽ!»

በሰሌን የሚቀበረው ዘመድ የሌለው ነው። ሣጥኑን ተቀበለች፤ ምራቋ ግን መረራት።

ቦን ሂያም ከቻይና መጥቶ እዚህ ፔናንግ ሲወርድ ጫማ እንኳ አልነበረውም። የቆርቆሮ ማዕድን ቆፈረ፤ ከዚያ የኦፒየም ሽያጭ ፈቃድ ያዘና ናጠጠ። ባሏ ሊያን ጁ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ያገኛትን በሰውየው ኦፒየም ቤት እያራገፈ አጥንቱ ቀረ። ሰውየው ሲያረጅ ደግነት ተነሳበት፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሣጥን። ገድሎ ሣጥን መስጠት! ደግሞ አመስግኚ ይሏታል። ያቅለሸልሻል።

ወደ መቃብር የሚወስደው መንገድ በአዲሱ ሆስፒታል በር አልፎ ትንሽ ድልድይ ይሻገራል። በዚያን ቀን ሆስፒታሉ ይመረቃል፤ ርችቱ ይንጣጣል፤ ታውኬው ሐር ለብሶ ከእንግዶቹ ጋር ሻይ ይጠጣል። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን ድልድዩ አፍ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ሟች ውሃ ሲሻገር እንዳይፈራ ሚስቱ በስሙ ትጠራዋለች።

ጓት ኒዮ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ራስጌው ላይ አረፈ።

«ዮው ቦን ሂያም!» ብላ ጮኸች። «ተሻገር! አይዞህ አትፍራ፣ ወደ መቃብርህ ነው!»

ርችቱን የሚለኩሰው ሰው ክብሪቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። የታውኬው ስኒ ወድቆ ተሰበረ።

«አንቺ ሴት አብደሻል? በቁሜ ወደ መቃብር ትጠሪኛለሽ!»

«ሣጥኑ ላይ ያለውን ነው የጠራሁት፣ ታውኬ። ልድገመው?»

«ፋቁት! አ ሶን! ፋቀው!»

አ ሶን ቢላ ፍለጋ ሲራወጥ ታውኬው አላስቻለውም። በሐር ልብሱ አቧራ ውስጥ ተንበርክኮ፣ የሀብታም ምልክት ያደረገውን ረጅም ጥፍሩን እየሰበረ የገዛ ስሙን መቧጨር ያዘ። ንፍጡ ወርዷል። ጓት ኒዮ ቁልቁል አየችው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ጭራሽ አስጠላት።

መጨረሻ ላይ ቀና አለ።

«እሺ፣ የሱን እናጽፍለታለን። ማን ነበር ስሙ?»

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የዚህ ሰው ደጅ ሲመላለስ የኖረ ነው። ታውኬው ግን ስሙን አያውቀውም።

ለሱ መመለስ ተጸየፈች። ፊቷን ወደ ድልድዩ አዙራ፣ ድምጿ እስኪሰነጠቅ ተጣራች።

«ሊያን ጁ! ና የኔ ጌታ፣ ተሻገር! አሁን ማንም አይዝህም!»