በሱዪን በር ሥር ያለው ጫማ

ሚስቴ ሱዪን ሁለት ጊዜ የፍቺ ክስ አቅርባ ሁለቱንም ጊዜ ቀርታለች። ከምትሠራበት ከዶንግጓን ከተማ እኛ ወረዳ ፍርድ ቤት ለመድረስ ባቡርና አውቶቡስ ሲፈራረቁባት ይመሻል፤ ፋብሪካውም ፈቃድ አይሰጥም። ከሳሽ ከቀረ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። ፍቅር ባያቆያት ርቀት ያቆይልኛል ብዬ ተማምኜ ነበር።

ዘንድሮ ችሎቱ በስልክ ሆነ። እሷ በምሳ ሰዓቷ ከኪራይ ክፍሏ፣ እኔ ከማድቤቴ፣ ዳኛዋ ከወንበራቸው ሆነን አንድ ስክሪን ላይ ተገናኘን። ፍትሕ ቀረበ ይላሉ። ለእኔ የቀረበው ፊቷ ነው። አምሮባታል። ለማን ብላ ነው ያማረባት?

ዳኛዋ ስለ ትዳራችን ይጠይቁኛል፣ የእኔ ዓይን ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ይፈትሻል። አንድ ኩባያ። አንድ ትራስ። ደህና። ከዚያ በሩ ሥር አየሁት፤ ጥቁር የወንድ ጫማ።

«አቶ ፓን ዴሁዋ፣ ለመታረቅ የሚያቀርቡት ሐሳብ አለ ወይ ነው የምልዎት።»

«ክብርት ዳኛ፣ መጀመሪያ ያ ጫማ የማን እንደሆነ ትናገር።»

«የትኛው ጫማ?»

«ያ በሩ ሥር የተገተረው። ባለቤቱም አልጋ ሥር ሳይሆን አይቀርም፣ ይታይልኝ።»

ሱዪን ሳቀች። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ። ዴሁዋ፣ እዚህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ሁሉ በሯ ላይ የወንድ ጫማ ታስቀምጣለች። በር የሚነካካ ሰካራም፣ ባል ያላት መስሎት እንዲያልፍ።»

«ተረት ተረት» አልኳት።

«ተረት አይደለም» አሉ ዳኛዋ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «እኔም አለኝ።»

እኔ ግን ይህን ጊዜ የምለቅ ሰው አይደለሁም። «እንግዲያው አምጪና አሳዪኝ። ሰው የሚያደርገው መሆን አለመሆኑን አላጣውም።»

ተነሥታ አመጣችው፣ ተረከዙንም ወደ ስልኩ አዞረችው። የግራው ተረከዝ ተቃጥሎ ጎድጉዷል። የዘመን መለወጫ ለት ርችት ረግጬ ያቃጠልኩት ራሴ ነኝ። ጫማዬን ሰረቅከኝ ብዬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም።

«የአንተ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስወጣ ይዤው ወጣሁ። አብረን ሳለን ማጆንግ ቁማር ስትጫወት ታነጋ ነበር፣ እኔ ብቻዬን በር ቆልፌ እፈራለሁ። እዚህ ግን አንድም ሌሊት ከደጄ ተለይተህ አታውቅም።»

ዳኛዋ ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። ትዳሩ ፈርሷል አሉ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አስኪጄ ፈረምኩ።

ስልኩ ሳይዘጋ ሱዪን ጫማውን በእጅጌዋ ጠረገችና በሩ ሥር መለሰችው። ቀጥ አድርጋ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ።

እሱ እሷ ዘንድ ቀረ። ቀናሁበት።