እስከ አፉ የሞላ ሲኒ

ዛይኮንግ የሚጋብዘው ሳይጠብቅ በሟች ወንድሙ ወንበር ላይ ተቀመጠና የሻዩን ትሪ ወደ ራሱ ሳበው።

ሱይዩን በሩ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ባሏ ዛይሊን ከሞተ አሥር ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። በቻይናዋ ከተማ ቻውጆ ውስጥ ከትሪው ፊት ተቀምጦ የሚቀዳ የቤቱ ጌታ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንግዳ ነው። ዋርሳዋ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የተቀመጠው።

አብረውት የመጡት አዛውንት፣ አቶ ኹዋንግ፣ ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸው ከጣሪያው ወጋግራ ላይ አልወረደም። ቤቱን ሊገዙ ነው። እሷ ካልፈረመች አይሸጥም፤ ከፈረመች ደግሞ መሄጃ የላትም።

«ነይ ቁጭ በይ እንጂ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ ምን ያቆምሻል?» አለ ዛይኮንግ።

«ወንድም ጋሼ፣ እንግዳ ያደረጉኝማ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ኹዋንግን ሳል ያዛቸው።

ዛይኮንግ መንደሪን የምታህለውን ቀይ የሸክላ ማንቆርቆሪያ በቅጠል ሞላት። የፈላ ውሃ ጨመረባት፤ ከዚያም ከላይ አፈሰሰባት። ሦስቱን ሲኒዎች አንዱን በሌላው ውስጥ እያሽከረከረ አጠበ። ሱይዩን ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየች። አውራ ጣቱ የባሏ አውራ ጣት ነበር። አንድ አባት ያስተማራቸው እጆች እንዲህ ይመሳሰላሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሻዩን በሦስቱ ሲኒዎች ላይ እያዞረ ቀዳ። ጠጡ። ሲጨርሱ የቤቱን የሽያጭ ወረቀት ከትሪው አጠገብ ዘረጋ።

«ፈርሚና እንገላገል። እኛ ዘንድ አንድ ክፍል አለሽ፤ ሜዳ ላይ አልጥልሽም።»

«የሚስትዎን ድስት እያጠብኩ?»

«ድስት ማጠብ ምን ነውር አለው?»

«ይነሱልኝ» አለች። «እኔ ልቅዳ። ቤቱ ገና ቤቴ ነው።»

ፈገግ ብሎ ተነሳ። ተቀመጠች፤ እንጨቱ በእሱ ገላ ሞቆ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ቀድታ አታውቅም፤ የሚቀዳው ዛይሊን ነበር። የማንቆርቆሪያዋ ክዳን ጣቷን ለበለባት፤ አልለቀቀችውም።

ባሏ ሲቀዳ ሁልጊዜ ከሲኒው አፍ ዝቅ አድርጎ ነው፤ እንግዳው የሲኒውን ጠርዝ ሳይቃጠል እንዲይዝ። እስከ አፉ የሞላ ሻይ አይነሳም። የሞላለት ሰው «ሂድልኝ» እንደተባለ ያውቃል፤ ወሬ አይጨምርም፤ ጫማውን ይፈልጋል። ዛይሊን ለማንም ሞልቶ ሲቀዳ አይታው አታውቅም። እሷ ግን ሦስቱንም ሞላቻቸው፤ ሻዩ በጠርዙ ላይ አብጦ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

አቶ ኹዋንግ ሲኒውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ተነሱ። «ሻያችሁ ጥሩ ነበር» አሉና እጅ ነስተው ወደ ግቢው ወጡ።

ዛይኮንግ አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብሎ ሲኒውን ሳያነሳ ከጠርዙ ላይ ፉት አለ፤ ከዚያ አነሳውና ጣቶቹ እየቀሉ ጨለጠው።

«ወንድሜም አንድ ቀን እንዲህ ሞልቶልኛል» አለ። «የቤቱን ነገር መጀመሪያ ያነሳሁበት ቀን። አልሄድኩም። በሳምንቱ ራሱ ጠራኝ።»

ወረቀቱን ገለጠው። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ የዛይሊን ፊርማ ነበር፤ የመጨረሻዋ ጭረት እንደ ልማዷ ወደ ታች ተንሸራታለች። ቀኑን አነበበች። ያኔ ገና ጤነኛ ነበር። ከተራራው አዲስ ቅጠል ይዞላት ገብቶ፣ አፍንጫዋ ሥር አስጠግቶ፣ «ዘንድሮ ግሩም ነው» ያላት ሳምንት ነበር።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ፈርቶሽ። የማይፈራሽ ማን አለ?» በራሱ ቀልድ አልሳቀም።

ምን አስገድዶት እንደፈረመ አልጠየቀችም። «ሲፈርም የሚቀዳው ማን ነበር?» አለች።

«እሱ ራሱ። እዚሁ።»

«ሞልቶ?»

ዛይኮንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። ውሸት ሲፈልግ አየችው፤ አጣ።

«አይ» አለ። «በልኩ ነበር የቀዳልኝ።»

የተጣደው ውሃ መንተክተክ ጀመረ። ሱይዩን እጇን ሰደደች፤ እጇ እጀታው ላይ ቀረ። በተከፈተው በር በኩል አቶ ኹዋንግ ይታያሉ። አልሄዱም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገጣጠሙ፣ በከንፈራቸው እየቆጠሩ ግቢውን ከግንብ እስከ ግንብ ይራመዱታል። ጫፍ ደረሱና ቆሙ። ከዚያ ዞረው ወርዱን ጀመሩ።