ሦስት በሬ ገዢዎችና አንድ የስፌት መኪና

በሬ መግዛት እናውቃለን። ጉራ አይምሰላችሁ ልጆቼ፤ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ያለ ገበሬ ሁሉ ይመሰክርልናል። አፉን ከፍተን ጥርሱን እንቆጥራለን፣ ሻኛውን በመዳፋችን እንጨብጣለን፣ ጭራውን ሳብ አድርገን ቆጣ ሲል ደስ ይለናል። ባለቤቱ አሥር ጊዜ ወላሂ ቢል አንሰማውም። ክፋታችን ሌላ ዕቃ መግዛት አለማወቃችን አይደለም፤ የማያውቅ ይጠይቃል። ክፋታችን ሁሉንም ነገር በሬ ነው ብለን መነሳታችን ነው።

የእህቴ ልጅ መስኡዳ ከጅዳ የተመለሰች ሰሞን ነበር። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ልጇን ሪታጅን የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ነው ለእህቴ ትታት የሄደችው፤ ስትመለስ ስምንት ሞልቷታል። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ለጎረቤት ልጆች «እቤታችን እንግዳ አለች» አለቻቸው። መስኡዳ ሰማች። ሳቀች፣ ከዚያ ጓዳ ገባችና ሳትወጣ ቆየች።

ደላላው ደግሞ ከደሴ መደወሉን አልተወም። አዲስ ኮንትራት አለ፣ አሠሪሽ ጥሩ ማዳም ናት፣ ፓስፖርትሽን እስከ ዓርብ ላኪ ይላል። መስኡዳ ሰብስባ ነገረችን።

«እዚያ ቤት ልብስ የምትሰፋ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች፤ እሷ ስፌት አስተምራኛለች። እቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ልብስ፣ ጅልባብ፣ የሕፃን ቀሚስ እሰፋለሁ። የምፈልገው ትንሽ መኪና ነው፤ መብራት የማይጠይቅ፣ በእግር የሚረገጥ፣ አቅሜ የሚችለው። እሱ ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነልኝ ዓርብ ፓስፖርቱን እልካለሁ።»

ይህን ያህል ግልጽ አድርጋ ነገረችን። አልሰማንም አንልም።

ታላቅ ወንድሟ ሀሚዱ ዘሎ ተነሳ። «ብቻሽን ገበያ ልትገቢ? ወንድም የላትም ሊባል?» አለ። ሀሚዱን ካላወቃችሁት ልንገራችሁ። የማይናገርበት ነገር የለም፤ የሚያውቀው ነገር ነው የቸገረው። የጎረቤቱን ሬዲዮ እጠግናለሁ ብሎ ፈታታው፤ ዛሬ ዶሮ ትታቀፍበታለች። እኔን አጎቱን ጠራኝ። ሁለት ሆኖ መሄድ ለሽማግሌ አያምርም ብለን ደግሞ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምደውን ጎረቤታችንን ባድሩን ጨመርን። ባድሩ ስለ መኪና የሚያውቀው ሀሚዱ የሚያውቀውን ያህል ነው፤ ልዩነቱ ባድሩ አለማወቁን ያውቃል፣ ግን ይሉኝታ ይዞት አይናገርም።

ማክሰኞ ጠዋት ዑምኩልሱም ሱቅ ሄድን። የስፌት መኪና የምትሸጥ፣ አፏ የማይደክም ሴት ናት። መስኡዳ ከቦርሳዋ ስስ ሻሽና ክር አውጥታ ከፊት ወዳለችው ትንሽ ጥቁር መኪና ስትጠጋ፣ ሀሚዱ እጁን ዘረጋ።

«አንቺ በሩ ጋ ቁጭ በይ። ሽማግሌ ይነጋገር።»

ከዚያ ትንሿን መኪና ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ ልክ እንደ ወይፈን።

«አገሩ የት ነው?»

«ከቻይና ነው የመጣው» አለች ዑምኩልሱም።

«ከየትኛው ቻይና?»

«ኧረ ጉድ! ልትድርለት ነው እንዴ ሰባት ቤት የምታስቆጥረኝ?»

ባድሩ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ምን እንዳየ እሱም አላህም ያውቃሉ። እኔ ደግሞ አንገቷን ይዤ ብድግ አደረግኋት፤ ቀለለችኝ። «ይሄ ከሲታ ነው። አንድ ክረምት አይዘልቅም» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሀሚዱን ብቻ ባማላችሁ ውሸታም ሽማግሌ እሆንባችኋለሁ።

«አባ ኑርዬ፣ ቀላልነቱ እኮ ነው ደጉ» አለች ዑምኩልሱም። «ለቤት ነው ብላችሁኛል። ሠርታበት ስትጨርስ አንስታ ጥግ ታስቀምጠዋለች።»

«ሻጭ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል!» አለ ሀሚዱ። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደቆመ አንድ ግራጫ ብረት ሄዷል። አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ እንደ ምሰሶ። «ያስ?»

«እሱን ተወው። የጆንያና የድንኳን መስፊያ ነው። ለልብስ አይሆንም።»

ሀሚዱ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «አየህ ጋሼ? ጥሩውን ትደብቃለች።»

አትሳቁ። በሬ ገበያ ውስጥ ባለቤቱ «ይሄን ተወው፣ አይሆንህም» ያለህ በሬ ሁልጊዜ ምርጡ ነው፤ ለራሱ ሊያስቀረው ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ እውነቱን በተናገረች ቁጥር እኛ እየጎመጀን ሄድን። ብትዋሸን ኖሮ ይሻለን ነበር።

ሀሚዱ ቀበቶውን ፈታ፤ የቆዳ ቀበቶ ነው። ሁለት አጠፈና «ይሄን ስፊልኝ» አላት። ዑምኩልሱም አትሞክር አለችው፤ እምቢ አለ። በትንሿ መኪና ሲሞከር መርፌዋ ቀጭ ብላ ተሰበረች። በግራጫው ሲሞከር ቆዳውን እንደ ቅቤ በስቶት ወጣ። ሦስታችንም ባንድ አፍ «ማሻ አላህ!» አልን። ሀሚዱ ባንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው የመኪናውን አንገት ያሻሻል።

መስኡዳ ከበሩ ተናገረች። «ሀሚዱዬ፣ እኔ ቀበቶ አልሰፋም። ጅልባብ ነው የምሰፋው።»

«ቀበቶ የሰፋ ጅልባብ ያቅተዋል? ድንጋያማ መሬት ያረሰ በሬ አሸዋ ያቅተዋል?»

እውነት መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። መኪናው ማንም ሳይነካው ሁለት ዓመት የቆመ ስለሆነ ዋጋውንም ቀነሰችልን። ለምን ሁለት ዓመት ቆመ ብሎ የጠየቀ የለም። ርካሽ አገኘን ብለን ባጃጅ ላይ ጫንነው። ባጃጁ ዳገቱ ላይ አቃሰተ፤ እኔና ባድሩ ወርደን ከኋላ ገፋን። ሀሚዱ ጠባቂ ነኝ ብሎ ከመኪናው ጎን ተቀምጦ ወጣ።

እቤት ጎረቤት ተሰብስቦ «ሙባረክ» አለ። መስኡዳ ቢስሚላህ ብላ ተቀመጠች፣ ሻሿን ከመርፌው ሥር አደረገች፣ ረገጠች። ግራጫው አጓራና ሻሹን ዋጠው። ስንጎትተው ጥጃ ያመነዠከው መስሎ ወጣ። ለሪታጅ ቀሚስ የቆረጠችውን ጨርቅ ሞከረች፤ መርፌው ያለፈበት ቀዳዳ ምስር ያሳልፋል። ፔዳሉን ሁለት እግሯን አስተባብራ ስትረግጠው ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

«ገና አልተገራም» አለ ሀሚዱ። «ይለምዳል።»

እሮብን ሙሉ ሊገራው ዋለ። ዘይት አጠጣው፣ በመዶሻ መታው፣ ክሩን በሰም አሸው። ባድሩ እያፈረ «ለምን ጆንያ አትሰፊም?» አላት።

ሐሙስ ጠዋት እንደተሰበሰብን ጓዳ ገብታ ፓስፖርቱን ይዛ ወጣችና ግራጫው ብረት ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ ደሴ የሚሄድ ሰው ይዞልኝ ይሄዳል» አለች።

ሪታጅ ፓስፖርቱን አየችው፣ ከዚያ ኳሷን አንስታ ወጣች። አላለቀሰችም። የሚያለቅሰው መለየትን ገና ያለመደ ልጅ ነው።

ሀሚዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ እንግዲህ የአላህ ቀደር፣ የሱ ውሳኔ ነው...»

«የአላህን ስም አታንሳብኝ!» አለች። «አላህ ቀበቶህን ፍታ አላለህም።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከሲታ ነው ያልኩት እኔ ነኛ። እሷ ግን ወደኔ ዞረች።

«አባ ኑርዬ፣ የገዙት በሬ እርሻ ላይ ቢተኛብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እመልሰዋለሁ። ሦስት ቀን ሳያልፍ።»

«ሻጩ እምቢ ቢልስ?»

«አይልም ልጄ፤ ደንብ ነው። ለጋሚ በሬ ሸጦ አልቀበልም ያለ ሰው ገበያ ላይ ፊቱን አያሳይም።»

«እንግዲያው በሬ ብላችሁ ገዛችሁት፣ እንደ በሬ መልሱት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ሀሚዱ ደነገጠ። «በጠራራ ፀሐይ? ሰው እያየኝ?»

«ስትገዛውስ ሰው አላየህም?»

የማክሰኞው ባለባጃጅ ሲያየን አቅጣጫ ቀይሮ ሄደ። ሌላውም እምቢ አለ። ምን እናድርግ፣ ከመስጊድ ቃሬዛ ተውሰን መኪናውን አጋደምነው፣ አቧራ እንዳይገባበት ጋቢ አለበስነውና ተሸክመን ወጣን። ፊት ሀሚዱና አንድ ጎረቤት፣ ኋላ እኔና ባድሩ።

ቃሬዛ ያየ የእኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሻይ ቤት የተቀመጠው ተነሳ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይባላል ከግራም ከቀኝም። ሰው እየሮጠ መጥቶ ትከሻችንን ይቀማናል፤ ሬሳ መሸከም አጅር፣ ከአላህ ምንዳ አለው። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ከሠላሳ በላይ ሆነናል። አንድ ሽማግሌ ዕንባቸውን እየጠረጉ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«መኪና ነው» አልኳቸው።

«መኪና ገጭቶት ነው? አይ የዘንድሮ ሹፌር!»

ይሄኔ ነፋሱ ጋቢውን ገለጠውና ፔዳሉ ወጣ። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ሰደበን፣ ሁሉም ግን ትከሻውን ባንዴ ከቃሬዛው ሥር አወጣ። ክብደቱ ሁሉ ሀሚዱ ላይ ወረደና ሱሪው ከኋላ ተርርር ብሎ ተቀደደ።

ዑምኩልሱም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «አስገቡት፣ ቦታውን አልነካሁበትም» አለች። «ሻጭ እውነት አይናገርም አላላችሁም? እንግዲህ ልዋሻችሁ፤ እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰዎች ናችሁ!» በደንቡ ግን አልተከራከረችም፤ መኪናውን ተቀበለች።

እኛ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። መስኡዳ ገባች። በበሩ አሾልቄ አየኋት። ክሩን ራሷ አስገባች። መዘውሩን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችና ጆሮዋን ሰጠችው። ስስ ሻሽ ሰፋች፣ ቀጥላ ወፈር ያለ የተማሪ ልብስ ጨርቅ ሁለት አጥፋ ሰፋች፣ ስፌቱን ገልብጣ ከሥሩ አየች፣ ይዛ ሳበችው። ከዚያ ጥያቄዋን አወረደችው። መርፌው እዚሁ ሐይቅ ይገኛል? ፔዳሉን ከመዘውሩ የሚያያይዘው ጠፍር ቢበጠስስ? ሲበላሽ ማን ይፈታዋል? አንዱን ልታነሳው ስትሞክር ከብዷት መለሰችው፣ ሌላውን ክሩን ሲያቋጥርባት ተወችው።

ባድሩ ከውጭ አላስቻለውም። «ያ የወርቅ አበባ ያለበትስ መስኡዳ?»

«አበባው አይሰፋም፣ ጋሽ ባድሩ።»

የመረጠችው ያንኑ እኔ ከሲታ ያልኩትን አሮጌ ጥቁር መኪና ነው፤ ፔዳሉ ከመረገጥ ብዛት ያንጸባርቃል። የብዙ ሴት እግር አልፎበታል ማለት ነው፣ ሳይሰበር። ዋጋው ከግራጫውም አነሰ፤ በተረፈው ጨርቅ ገዛች። ይህ ሁሉ አንድ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ አልፈጀባትም። እኛ ማክሰኞን እስከ ዙሁር ሶላት፣ እስከ እኩለ ቀን ነበር የቆምነው።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ፣ ሀሚዱ መስጊዱ ግቢ ሰው ሰብስቦ አገኘሁት። «መኪናውን ገና ሳየው፣ ይሄ ነው አልኩ» ይላል። የአላህ ቤት ደጅ ስለሆነ ዝም አልኩ። ግን የትኛውን መኪና ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስላጣሁ ልቤ ነደደ።

እመስኡዳ ቤት ስደርስ ደጁ ላይ አራት ሴቶች ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል። ሪታጅ ደግሞ በልኳ የተሰፋውን ቀሚስ ለብሳ ለእያንዳንዷ እየዞረች ታሳያለች። መስኡዳ ስልኳን መኪናው ጎን አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍታ እያወራች ትሰፋለች። ደላላው ነው።

«ፓስፖርቱ አልደረሰኝም» ይላል።

«አልላክሁትም። ሌላ ሰው ፈልግ ወንድሜ።»

«እንዲህ ያለ ማዳም አታገኚም። ይቆጭሻል!»

መስኡዳ እግሯን ከፔዳሉ አላነሳችም። «ይቆጨኝ ይሆናል። ቢቆጨኝም ልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ይቆጨኝ» አለችና ዘጋችው።

ሀሚዱ ሽርጥ አሸርጦ፣ የተቀደደ ሱሪውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ። በሴቶቹ መሀል አልፎ ሊገባ ሲል፣ ቀና ሳትል እጇን ወደ ኋላ ጠቆመችው።

«ተራ ጠብቅ።»

«እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ከመጨረሻዋ ሴትዮ ቀጥሎ ነህ።»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ መኪናው እንዴት እንደሚሠራ ለሴትዮዋ ያስረዳት ጀመር።