የባለሳንባው አራት ሰከንድ

"አጥፊው አልኩሽ!"

የመምህርቷ አጎት ከዘራቸውን የዲሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፉት የሻይ ብርጭቆው ዘለለ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከትምህርት መሀል ተጠርታ ስለመጣች ጠመኔው አሁንም እጇ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ አራት ሰከንድ ናት" አለች። "የተጠቀምኩባት ለትምህርት ነው። ስምዎንም ጠቅሻለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል።"

"ስሜንማ ጠቅሰሻል! ባትጠቅሺው ማን ያውቀኝ ነበር?"

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ በዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የድምፅ አወጣጥ ታስተምራለች። ስለ ትንፋሽ አያያዝ ስታስረዳ ከአጎቷ የድሮ ዘፈን አንዲት ቁራጭ ታሰማለች፤ ትንፋሻቸው አልቆ ድምፃቸው የሚሰነጠቅባትን። "በጊዜው ያልተነፈሰ ሰው መጨረሻው ይሄ ነው" ትላለች። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ የሳቁበትን ደግሞ አይረሱም። ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ስትለቀው ግን ሳቁ ከክፍሉ አመለጠ። ከተማሪዎቿ አንዱ፣ ጓደኞቹ "ቀውላላው" የሚሉት ነገረኛ፣ ቁራጯን የስልክ ጥሪ አደረጋት። ሌላውም ተቀበለው። በጉብዝናቸው ዘመን ሰው ሁሉ "ባለሳንባው" ይላቸው የነበሩት ዘፋኝ በእርጅና "ስንጥቁ" ሆነው አረፉት።

"ዛሬ ጠዋት ፀጉር ቤት ተቀምጬ" አሉ አጎቷ ወደ ዲሬክተሩ ዞረው፣ "የአንዱ ስልክ ጮኸ። እኔው ነኝ! የሚላጨኝ ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ፂሜን በግማሽ ጥዬለት ወጣሁ።"

እውነትም ቀኝ ጉንጫቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ የግራው ሽበት እንዳለ ነው። ዲሬክተሩ ያላየ ለመምሰል መሳቢያ ከፍቶ ዘጋ። ጠብ የሚፈራ ሰው ነው።

"እባክሽ መምህርት፣ ሰርዢውና እንገላገል" አለ። "ሌላ ዘፈን ጠፍቶ ነው?"

"አልሰርዝም። ዛሬ ይቺን ከሰረዝኩ ነገ ዘፋኝ ሁሉ እየመጣ ጠረጴዛህን ይደበድባል። በምን ላስተምር? በፉጨት?"

"የገዛ ዘፈኔን እኮ ነው!" አሉ አጎቷ። "በላቤ የሠራሁትን!"

"የእርስዎ አይደለም።"

እዚህ ላይ አፏን መያዝ ነበረባት። አልያዘችም። እሳቸው ቤት ያደገች ልጅ ናትና የቱ ጋ ቢነኳቸው እንደሚያማቸው አሳምራ ታውቃለች።

"ለአሳታሚው ሸጠውታል። ሙሉውን ላሰማ ብል እንኳ የማስፈቅደው እነሱን ነው። ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተው የሚያዙኝ በየትኛው መብት ነው?"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። መምህርቷ ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ በራሷ ተናደደች።

"እሺ፣ መብት የለኝም" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ወርዷል። "የወደቅሁባትን ቆርጠሽ አሰማሽ። ከየት እንደወደቅሁስ አሰማሻቸው?"

"ትምህርቱ ስለ ስህተቱ ነው ጋሼ።"

"ስህተቱ የቱ ጋ ነው የጀመረው? ትንፋሼን የወሰድኩት የቱ ጋ ነው? መምህር አይደለሽ፣ ንገሪኛ!"

ዘፈኑን ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። ስትቆርጠው ግን የሚያስቀውን ብቻ ነበር የለካችው።

"ከዛሬ በኋላ ቤቴ ድርሽ እንዳትይ" አሉና በግማሽ የተላጨ ፊታቸውን ይዘው ወጡ። በሩን እንኳ አልዘጉትም።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ዝም አለቻቸውና ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን ዘፈን ከፈተች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከስንጥቁ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ትንፋሽ የለም። አሁንም ወደ ኋላ ሄደች። የለም። ሌላ ዘፋኝ ሦስት ቦታ የሚያርፍበትን ስንኝ ሁሉ አልፋ፣ መነሻው ላይ ደረሰች፤ እዚያ ጋ አንዲት ቀጭን የአየር ድምፅ ተሰማቻት። ያን ሁሉ የዘፈኑት በአንድ ትንፋሽ ነበር። ስንት ጊዜ ያስተማረችበት ዘፈን ነው!

"ተነሡ" አለች። "ዘፋኙ ሲተነፍስ አብራችሁ ተንፍሱ። ከዚያ 'አ' እያላችሁ ያዙ። ትንፋሹ ያለቀበት ይቀመጥ።"

ማዳመጫውን ነቅላ ከፈተችው። ገና ስንኙ ሳይጋመስ የፊተኛው መደዳ ተቀመጠ። ቀውላላው ፊቱ በርበሬ መስሎ ጥቂት ታገለና እያሳለ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። መምህርቷም አልቻለችም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነፈሰች። የአጎቷ ድምፅ ብቻውን ሽቅብ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ከዚያ ተሰነጠቀ። የሳቀ የለም።

"መምህር፣ ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ስህተት?" አለ ቀውላላው።

"ስህተትማ ነው። ቀደም ብሎ መተንፈስ ነበረበት" አለች። "አንተ ግን መጀመሪያ እዚያ ድረስ ውጣ።"

ተማሪዎቹ ሲበተኑ የድሮውን ቪዲዮ አጥፍታ ከትንፋሹ እስከ ስንጥቁ ያለውን ሙሉ ስንኝ የያዘ አዲስ ቀረጸች። ለማስታረቅ የመጣው ዲሬክተር ከጀርባዋ ቆሞ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

"ረዘመ እኮ! በአራቷ ሰከንድ ማንም አይነካንም ነበር። በዚህኛው አሳታሚው ቢከስሰንስ?"

"ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ይሄን ያህል ነው። ለከሳሽም የምለው ይሄንኑ ነው። ጠረጴዛህ እንደሆነ ለምዷል።"

ዲሬክተሩ ተነፈሰ። "እሺ፣ ለአጎትሽ እንኳ ደውዬ እንዳስተካከልሽው ልንገራቸው?"

"አትደውል። ቤቴ አትምጪ ብለውኛል፤ ለምኜ አልገባም።" ጣቷን የቪዲዮው መልቀቂያ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። "የቀረችውን ጉንጫቸውን ሊላጩ ሲሄዱ ይስሙት" አለችና ለቀቀችው።